አማካዩ የወረደበት ትምህርት ቤት ሰነፈ ማለት ነው?

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንጀምር ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት አባቶች የልጆቻቸውን ካርድ አውጥተው ክርክር ገጠሙ። አንደኛው ልጃቸውን ደሴ፣ ሌላኛው ኮምቦልቻ ያስተምራሉ፤ ሁለቱም በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የደሴው አባት «የእኛ ስድስተኛ ክፍል አማካዩ ስድሳን አልፏል» አሉ። የኮምቦልቻው ካርዱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «የእኛ ካለፈው ዓመት ወርዷል፤ መምህራኑ ሰንፈዋል» ብለው ተከዙ። ረዳቱ ሳይቀር ተስማማ። እኔ ዝም አልኩ። መናኸሪያ እስክንደርስ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር አልነበረምና ያኔ የዋጥኩትን እዚህ ልጻፈው።

የአንድ ክፍል አማካይ ውጤት ሁለት ነገሮችን ቀላቅሎ በአንድ ቁጥር ይናገራል። አንዱ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንዳስተማረ ነው፤ ሌላው ማን መጥቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። ሁለቱን ሳይለዩ ማመስገንም መውቀስም ወጡን ሳይቀምሱ በድስቱ እንደ መፍረድ ነው።

በየዓመቱ መጨረሻ ስም ጠሪው መምህር የሚሞላው ሮስተር ሰፊ ወረቀት ነው። የተማሪው ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ በየትምህርቱ ያገኘው ውጤት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ በመጨረሻም «ተዛውሯል» ወይም «ይደግማል» የሚለው ፍርድ ይሰፍርበታል። በዚያው ጽሕፈት ቤት ሌላ ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ የምዝገባ ቅጹ ተቀምጧል። ልጁ ከየትኛው ትምህርት ቤት መልቀቂያ ይዞ እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ አሳዳጊው በምን እንደሚተዳደር የሚናገረው እሱ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች እምብዛም አይገናኙም። ባለሙያዎች «የተማሪዎች ስብጥር» የሚሉት ነገር ከባድ ይመስላል እንጂ እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ ከማንበብ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ሁሉም ተሻሽሎ አማካዩ የሚወርድበት ሂሳብ

እስኪ አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተፈጠሩ ናቸው፤ የየትኛውም ትምህርት ቤት አይደሉም።

በመጀመሪያው ዓመት በስድስተኛ ክፍል 100 ተማሪዎች አሉ። 80ዎቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው እዚያው የተማሩ ነባሮች ናቸው፤ አማካያቸው 62 ነው። 20ዎቹ በቅርቡ ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ አማካያቸው 42 ነው። የሁሉም አማካይ 58 ይሆናል።

በሁለተኛው ዓመት ክፍሉ 120 ተማሪዎች አሉት። ነባሮቹ 72 ሲሆኑ አማካያቸው ወደ 64 ከፍ ብሏል። አዲሶቹ 48 ደርሰዋል፤ የእነርሱም አማካይ ወደ 46 አድጓል። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ያሰላው ሰው የሁሉንም አማካይ 56.8 ሆኖ ያገኘዋል።

ነባሮቹ ተሻሽለዋል። አዲሶቹም፣ እንዲያውም ከነባሮቹ በበለጠ ተሻሽለዋል። የትምህርት ቤቱ አማካይ ግን ወርዷል። የተሳሳተ ስሌት የለም፣ የተደበቀ ነጥብም የለም። የተለወጠው የሁለቱ ቡድኖች ድርሻ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ከአምስት አንድ የነበሩት አዲስ መጤዎች ከአምስት ሁለት ሆነዋል። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ግራ አጋቢ ነገር የሲምፕሰን ፓራዶክስ ይሉታል። በእኛ አገር ግን ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ሲሆን በእሱ ሰበብ ስብሰባ ላይ ቆሞ የተወቀሰ ርዕሰ መምህር ግን ጥቂት አይመስለኝም።

ሂሳቡ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ይኸኛው ደግሞ የባሰ ያሳስባል። 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 40ዎቹ በአማካይ 60፣ 10ሩ ደካሞች 35 ቢያመጡ የክፍሉ አማካይ 55 ነው። አሥሩ ደካሞች ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርት ቢያቋርጡ አማካዩ በአንድ ጊዜ 60 ይገባል። አንድም ልጅ አንድም ፊደል ሳይጨምር ትምህርት ቤቱ በ5 ነጥብ «ተሻሻለ»። አሥር ልጆች ከጎዳና ላይ ወይም ከቀን ሥራ ላይ ሆነው ለትምህርት ቤታቸው ምስጋና አስገኙለት ማለት ነው። አማካይ ሲነገራችሁ ስንት ልጆች መስከረም ላይ እንደተመዘገቡና ስንቱ ሰኔ ላይ እንደተፈተኑ አብራችሁ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

የ2012 አንደኛ ክፍሎች

በደሴና በኮምቦልቻ ይህ ሂሳብ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ እንውሰድና እንከተለው።

መስከረም ላይ ገባ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጁ የአንደኛ ክፍልን ትምህርት ሳይጨርስ ወደ ሁለተኛ ተዛወረ። ሁለተኛ ክፍልን በ2013 ዘግይቶ ጀመረ። በዚያው ክረምት ከሰሜን ወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎች ደሴን ሞሏት፤ ብዙዎቹ የተጠለሉት ደግሞ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ነበር። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሊሆን ሲል፣ ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ፣ ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሁለቱ ከተሞች ከመንግሥት እጅ ወጥተው የቆዩት እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ነው። በመካከሉ ቤተሰቡ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ሸሽቶ ይሆናል፤ ሲመለስ ወንበሩን ሰብረውት፣ መጽሐፉን አቃጥለውት አግኝቶ ይሆናል። አራተኛ ክፍል ሲገባ፣ በ2015፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ዋለ፤ አሮጌው መጽሐፍ ሄደ፣ አዲሱ ገና አልደረሰም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት በገጠር ያሉ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በክልሉ ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች ቁጥር ወደ ሚሊዮኖች ደረሰ። ከእነዚያ የተወሰኑት ዘመድ ፍለጋ ወደ ከተማ ወጡና ከዚህ ልጅ አጠገብ ተቀመጡ።

ይህ ልጅ በ2017 የስድስተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። በአዲሱ የ6-2-4 አደረጃጀት ስድስተኛ ክፍል የአንደኛ ደረጃ ማብቂያ ነውና ፈተናው ትልቅ ነው። ልብ በሉ፤ ሰው ማንበብ የሚማረው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚማረው አንብቦ ነው። የልጁ ትምህርት የተበጠሰበት ዘመን በትክክል የማንበቢያው ዘመን ነበር። በ2017 የስድስተኛ ክፍል ውጤት ወርዶ ከሆነ የ2017ን መምህር ብቻ መውቀስ ጣሪያው ሲያፈስ ወለሉን እንደ መገሠጽ ነው።

ልጁ ከቤት ይዞት የሚመጣው

የምዝገባ ቅጹ ላይ «የአሳዳጊ ስም» በሚለው መስመር ላይ በወሎ ከተሞች ብዙ ጊዜ የአያት ስም ታገኛላችሁ። እናት ሳዑዲ ወይም ቤሩት ናት፤ ገንዘብ ትልካለች፣ በስልክ ታለቅሳለች። ከሐርቡ፣ ከኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ከባቲና ከወረባቦ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች ቁጥር ብዙ መሆኑን በዚህ አካባቢ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አያት ልጁን በፍቅር ያሳድጉታል፤ ሂሳብ ግን አያሠሩትም። አንዲት አያት የወላጅ ስብሰባ ላይ መጥተው ካርዱን ገልብጠው ከያዙ በኋላ «ልጄ፣ እኔ ቀለም አላውቅም፤ ደህና ነው አይደለም ብቻ ንገረኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። መምህሩ «ደህና ነው እማማ» አላቸው። 47 ነበር።

በሌላ በኩል የአንደኛ ክፍል መምህር ከቤቱ የሚመጣውን ልዩነት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያየዋል። ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣው ልጅ የፊደል ገበታውን ቆጥሮ ጨርሷል። ከቁርአን ቤት የመጣው መቀመጥ፣ ማድመጥና በቃል መያዝ ተለማምዷል፤ ፊደሉን የሚያነበው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ስለነበር የአማርኛውን አቅጣጫ እንደ አዲስ ይማራል። የአፀደ ሕፃናት ዕድል ያገኘው እርሳስ መያዝ ችሏል። ከገጠር ቀጥታ የመጣው ደግሞ እርሳስ የያዘው ዛሬ ነው። አራቱም በአንድ ወንበር ተደርድረው በአንድ ፈተና ይመዘናሉ።

ቋንቋም አለ። ኮምቦልቻ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቅርብ ጎረቤት ናት። በከሚሴ በኩል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ አራተኛ ክፍል ላይ ኮምቦልቻ የገባ ልጅ ማባዛት ላያቅተው ይችላል፤ «አንድ ነጋዴ 12 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ…» ብሎ የሚጀምረው ጥያቄ ግን ሂሳብ ከመሆኑ በፊት የአማርኛ ፈተና ይሆንበታል። ያኔ የሂሳብ ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ሮስተሩም «በሂሳብ ደካማ» ብሎ ይመዘግበዋል።

ስለ ምግብ ደግሞ አንድ ቁጥር ላንሳ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው አጭር፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ በተመጣጠነ ምግብ እጥረት የቀጨጩ ነበሩ። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በከተማ ያለው ችግር ከገጠር ያነሰ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ደሴ ላይ መለጠፍ አይቻልም፤ ከገጠር ወደ ከተማ የመጡትን ግን ይመለከታል። እነዚያ የ2008 ሕፃናት ዛሬ በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው። ያንግ ላይቭስ የተባለውና ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የሚገኙ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ሲከታተል የቆየው ጥናት በሕፃንነቱ የቀጨጨ ልጅ ኋላ በትምህርት ፈተና ዝቅተኛ ውጤት የማምጣት ዝንባሌ እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ የዛሬው ማርክ በከፊል የያኔው ቁርስ ነው።

ካርዱ 70 ሲል ልጁ ያነባል?

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አማካዩ አተረጓጎም ነው። ማርኩ ራሱ መታመኑ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በታችኞቹ ክፍሎች ተማሪ ክፍል እንዳይደግም፣ በተከታታይ ምዘና እየታገዘ እንዲያልፍ አድርጓል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የሰባት ዓመት ልጅን «ወድቀሃል» ማለት ከትምህርት ቤት ማባረር ነው። ግን ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር ብዙ ቦታ የልጁን ድክመት ፈልጎ ከመደገፍ ይልቅ ከ100 ላይ ነጥብ ማጠራቀሚያ ሆነ። ለደብተር ንጽሕና 5፣ ለክፍል ተሳትፎ 10፣ ለቤት ሥራ 10፤ የጎደለው በፈተና ሲሞላ ልጁ 50ን አለፈ።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች ልጆችን አንድ በአንድ አስቀምጦ ያስነበበ የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ይህ ቁጥር 20 በመቶ ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ያለ ጥርጥር «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ወስደዋል። ከእነዚያ ልጆች ጥቂት ዓመት ኋላ የመጡት በ2014ና ከዚያ በኋላ ሲፈተኑ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ሕዝቡ በ12ኛ ክፍል ደነገጠ እንጂ ጉድጓዱ የተቆፈረው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነበር።

ሰበብ እንዳይሆን

አሁን አንድ ተንኮለኛ አንባቢ «እንግዲያው ርዕሰ መምህሩ ሁሉ ‹ተማሪዎቼ ድሆች ናቸው፣ ተፈናቃዮች ናቸው› ብሎ ሊያመልጥ ነው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ ስብጥር መግለጫ ሲሆን ይጠቅማል፣ መሸሸጊያ ሲሆን ይጎዳል። አንድ ልጅ የአያቱ ድህነት ስለተጻፈበት ብቻ ከእሱ ጥቂት መጠበቅ ከጀመርን ወረቀቱ ባይገናኝ ይሻል ነበር።

ለዚህ ነው ልዩነቱን የሚያሳየው መለኪያ ዕድገት የሚሆነው። መስከረም ላይ አንድ ገጽ ለማንበብ አሥር ደቂቃ የፈጀበት ልጅ ሰኔ ላይ በሦስት ደቂቃ ካነበበ፣ ውጤቱ 45 ቢሆንም ትምህርት ቤቱ ሠርቷል። መስከረም ላይ አጥርቶ የሚያነብ ልጅ ተቀብሎ ሰኔ ላይ እንደ ነበረ ያስረከበ ትምህርት ቤት አማካዩ 75 ቢሆን ሥራው የወላጆቹ እንጂ የእሱ አይደለም። የሚኒባሱ የደሴ አባት ይህን ቢሰሙ ቅር ይላቸው ይሆናል።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል። ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ድርሻ ይዘው ትምህርት ቤቱ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባል፤ ደረጃ 1 እና 2 ከሚፈለገው በታች ናቸው። ወላጅ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ከመጠየቅ የሚያግደው የለም። ደረጃውን ካወቀ ደግሞ ዝቅ ያለው በግብዓቱ ነው ወይስ በሂደቱ ብሎ መከተል አለበት። ቤተ ሙከራ ማጣትና መምህር ክፍል አለመግባት አንድ ዓይነት በደል አይደሉም።

የክፍሉን ብዛትም ይቁጠር። የአንደኛ ደረጃ ስታንዳርድ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» የሚለው ተረት የተነገረው ለስታንዳርዱ ይመስላል፤ ተፈናቃይ በበዛበት ትምህርት ቤት ሎሚው ከሃምሳ ያልፋል፣ ተሸካሚዋ ግን ያችው አንዲት መምህርት ናት። በፈረቃ የሚማሩ ከሆነም የጠዋቱና የከሰዓቱ ውጤት ተለይቶ ይታይ።

በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ እጄን ባወጣ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው እዚህ የተማሩት ስንት አመጡ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የገቡትስ? ሴቶቹና ወንዶቹ በየትኛው ትምህርት ይለያያሉ? ከዕድሜያቸው ሁለትና ሦስት ዓመት ዘግይተው የተቀመጡት ስንት ናቸው? መስከረም ላይ ከነበሩት ሰኔ ላይ የሌሉት እነማን ናቸው፣ የሄዱትስ መልቀቂያ ወስደው ነው ወይስ እንዲሁ ጠፍተው? ለመልሱ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሮስተሩ ላይ ከስሙ ቀጥሎ አንዲት ጠባብ ዓምድ አስምሮ «ነ» እና «አ» መጻፍ ይበቃል፤ ነባርና አዲስ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከካርዱ በፊት መጽሐፉን አስይዙት። የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ከጎረቤት ተበደሩና ልጁ ያላየውን አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉና ያነበበውን በራሱ አነጋገር ይንገራችሁ። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ሆኖ በየቃሉ የሚሰናከል ከሆነ፣ ወይም ቃሉን አንብቦ ታሪኩን ካጣው፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው 72 ምንም ይበል፣ ነገ ጠዋት ስም ጠሪ መምህሩን ማነጋገር አለባችሁ። ቀለም የማያውቁ አያትም ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ ልጁ ሲያነብ መንተባተቡን ለመስማት ማንበብ አያስፈልግም።

ሚኒባሱ መናኸሪያ ሲገባ የኮምቦልቻው አባት ካርዱን እንደገና አውጥተው አዩት። «ባለፈው ዓመት ስንት ልጆች ነበሩ በክፍሉ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አምሳ ምናምን» አሉ። «ዘንድሮስ?» ስላቸው ጣታቸውን አጥፈው መቁጠር ጀመሩ፤ ከወልድያ የመጡትን፣ ከወለጋ የመጡትን፣ ከጎረቤታቸው ቤት የገባውን የእህታቸውን ልጅ፣ እያሉ ሲቆጥሩ ረዳቱ «ውረዱ፣ ውረዱ» ብሎ አቋረጣቸው።